የ205 ዶላሩ መኪና እንዴት 593 ዶላር ሆነ? የጁላይ 4 ሳምንት የመኪና ኪራይ ሒሳብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለኳሱ ሳምንት፣ ሐበሻ በየበጋው አሜሪካ ውስጥ ለሚሰበሰብበት የእግር ኳስ ውድድር፣ ተጓዝን። መኪና የመያዙ ኃላፊነት የእኔ ነበር። ሁለት ምሽት ስልኬ ላይ ተደፍቼ ዋጋ ሳወዳድር ቆየሁ። በመጨረሻ በቀን 41 ዶላር የሚል አገኘሁ። ለአምስት ቀን 205 ዶላር መሆኑ ነው። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 51 ዶላር ገደማ ይደርሰናል። በጣም ደስ አለኝ። ለጓደኞቼም ወዲያው ቴክስት አደረግኩላቸው።

መኪናውን ስንመልስ የተሰጠኝ ደረሰኝ 532 ዶላር ይላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ካርዴ ላይ ሌላ 61 ዶላር ወጣ። ጠቅላላው 593 ዶላር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ?

ያን ደረሰኝ እስካሁን አልጣልኩትም። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እያንዳንዱ መስመር እኔ የፈረምኩበት ነው። ሁለት ምሽት የተጨነቅኩት ግን ስለ 205ቱ ብቻ ነበር። ስለ ቀሪው 388 ዶላር አንድ ደቂቃ እንኳን አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ፤ አብዛኛው እንደኔ ነው። የምናወዳድረው ትንሹን ቁጥር ነው። ትልቁ ካውንተሩ ጋ ይጠብቀናል። ስለዚህ ደረሰኙን መስመር በመስመር እንየው።

መጀመሪያ ግን ስለ 205ቱ ጥቂት ልበል። እሱም ቢሆን ርካሽ አልነበረም።

የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከተመሠረተበት ከ1984 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በየበጋው ያሰባስበናል። ከተማው በየዓመቱ ይቀያየራል። ሳምንቱ ግን ብዙውን ጊዜ ጁላይ 4 ያለበት ነው። እኛ ለበዓላችን ስንወጣ አሜሪካዊውም ለበዓሉ መንገድ ላይ ነው። ኪራይ ቤቱ ያለው የመኪና ብዛት ያው ነው፤ ፈላጊው ግን እጥፍ ድርብ ይሆናል። ዋጋው እንደ አውሮፕላን ትኬት ነው። ኮምፒውተሩ የቀረውን መኪና እያየ በየሰዓቱ ይቀያይረዋል።

ይህ ምን ያህል እንደሚከፋ 2021 አሳይቶናል። ኮቪድ ሲገባ የሚከራይ ጠፋ። የመኪና አከራዩ ኸርትዝ በሜይ 2020 የባንክራፕሲ (የኪሳራ) ጥበቃ ጠየቀ። ድርጅቶቹ መኪናቸውን በብዛት ሸጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሰው መጓዝ ሲጀምር መኪና የለም። ፋብሪካዎቹም በቺፕ እጥረት አዲስ ማምረት አልቻሉም። ሃዋይ የሄዱ ቱሪስቶች ዩሆል የዕቃ ማጓጓዣ መኪና ተከራይተው እስከ መዞር ደርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ገበያው ተረጋግቷል። አሠራሩ ግን አልተለወጠም፤ ዋጋውን የሚወስነው ባለው መኪናና በፈላጊው መካከል ያለው ክፍተት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ትልቅ ዕድል አለ። የአውሮፕላን ትኬት አንዴ ከገዛችሁ መመለሱ ችግር ነው። መኪና ግን እንደዚያ አይደለም። «ስትወስዱ ትከፍላላችሁ» የሚለውን ከመረጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ ካርድም አይጠይቅም፤ ብትሰርዙትም አይቀጣችሁም። ስለዚህ የዓመቱ ከተማ እንደታወቀ፣ ትኬት እንኳን ሳትቆርጡ፣ መኪና ያዙ። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ዋጋውን እዩ። ሲወርድ አዲሱን ያዙና የድሮውን ሰርዙ። ሲወጣ ደግሞ የድሮው በእጃችሁ ነው። እኔ አሁን ሁልጊዜ የማደርገው ይህንን ነው። ከሁሉም ነገር በላይ ገንዘብ ያዳነልኝም ይህ ነው። አሁኑኑ ከከፈላችሁ እንቀንሳለን የሚሉም አሉ። ቅናሹ እውነት ነው፤ ግን ሐሳባችሁን ስትቀይሩ ያስቀጣል። የቡድናችን ጉዞ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን አይለይለትም። ስለዚህ ለእኛ አይመችም።

ስታወዳድሩ አንድ ነገር አስታውሱ። ካውንተሮቹ ብዙ ይመስላሉ እንጂ ባለቤቶቹ ጥቂት ናቸው። ኢንተርፕራይዝ፣ ናሽናልና አላሞ የአንድ ድርጅት ናቸው። ኸርትዝ፣ ዶላርና ትሪፍቲም አንድ ናቸው። ኤቪስና በጀትም እንዲሁ። ስለዚህ አላሞን ከናሽናል ማወዳደር አንድ ቤት ውስጥ መዞር ነው። ከሦስቱም ቤት አንድ አንድ እዩ። የኮስትኮ፣ በአባልነት የሚገበዩበት የትልቁ መደብር፣ አባል ከሆናችሁ የኮስትኮ ትራቭልን ዋጋ ሳታዩ አትወስኑ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የደረሰኜ ሁለተኛው መስመር 68 ዶላር ነበር። የኤርፖርት ክፍያና ታክስ።

ኤርፖርቱ ኪራይ ቤቱን ከገቢው ላይ ድርሻ ያስከፍለዋል። ብዙ ቦታ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ኪራይ ቤቱ ደግሞ እሱን መልሶ በእኛ ላይ ይጨምረዋል። መኪኖቹ የቆሙበትን ሕንፃ ላሠሩበት በቀን ሒሳብ ሌላ ይጨመራል። ከዚያ ታክሱ ይመጣል። ቴክሳስን እንውሰድ። ስቴቱ በአጭር ጊዜ ኪራይ ላይ 10 በመቶ ይወስዳል። ሂውስተን ላይ ደግሞ ለስታዲየሞች ማሠሪያ ተብሎ ሌላ 5 በመቶ አለ። ከተሞች መንገደኛን ማስከፈል ይወዳሉ። መንገደኛ እዚያ ድምፅ አይሰጥማ።

ታክሱን ማምለጥ አይቻልም። የኤርፖርቱን ክፍያ ግን ይቻላል። ከተማ ውስጥ፣ ሰፈር መሃል ካለ ቅርንጫፍ ስትከራዩ ያ ክፍያ የለም። ችግሩ የሰፈር ቅርንጫፎች ቅዳሜ ገና በግማሽ ቀን ይዘጋሉ፤ ብዙዎቹ እሑድ ጭራሽ አይከፍቱም። ጁላይ 4 ራሱ በዓል ነው። ስለዚህ ከመያዛችሁ በፊት ሰዓታቸውን እዩ። ለሁለት ቀን ከሆነ ለኡበር የምታወጡት ትርፉን ይበላዋል፤ ኤርፖርት ውሰዱ። ለሳምንት ከሆነ ግን ልዩነቱ ጥሩ ገንዘብ ነው። በተለይ የሚቀበላችሁ ዘመድ ካለ። በየትኛው ከተማ ነው ሐበሻ የሚቀበለው የሌለው?

ስለ ቀን ቆጠራም ላንሳ። ኪራይ የሚቆጠረው በ24 ሰዓት ነው። ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት የወሰዳችሁትን እሑድ ማታ 2 ሰዓት ብትመልሱ፣ ለአራት ሰዓት ብላችሁ ሙሉ ቀን ልትከፍሉ ትችላላችሁ። የሳምንት ዋጋ ደግሞ አንዳንዴ ከአምስት ቀን ዋጋ ጋር እኩል ነው። በሳምንት ዋጋ ይዛችሁ ቀድማችሁ ከመለሳችሁ ግን ሒሳቡን እንደገና በቀን ዋጋ ሊያሰሉት ይችላሉ። ቀድሞ መመለስ ያስወድዳል ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

አሁን ወደ ትልቁ እንምጣ። 145 ዶላር። በቀን 29 ዶላር፣ ለአምስት ቀን።

ካውንተሩ ላይ የነበረችው ልጅ ትሑት ነበረች። «መኪናው ቢጋጭ ሙሉ ዋጋውን ይከፍላሉ፤ ሽፋን ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው። ጓደኞቼ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ፈርቼ እሺ አልኩ። ያን ጊዜ በራሴ ኢንሹራንስም በካርዴም ሽፋን እንዳለኝ አላወቅኩም ነበር። ለአንድ ነገር ሦስት ጊዜ ከፈልኩ።

የሚሸጡት ነገር በትክክል ኢንሹራንስ አይደለም። መኪናው ቢጎዳ ወይም ቢሰረቅ አንጠይቅህም የሚል የድርጅቱ ቃል ነው። አሜሪካ ውስጥ የራሳችሁን መኪና ሙሉ ሽፋን ካስገባችሁ፣ ማለትም ግጭትንም ስርቆትንም የሚያካትት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ያው ሽፋን የተከራያችሁትን መኪናም ይከተለዋል። የኢንሹራንስ ወኪላችሁ ጋ ከጉዞው በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

እዚህ ላይ ግን ለወገኖቼ በጣም የምሠጋበት ነገር አለ። ብዙዎቻችን ዕዳው ያለቀ አሮጌ መኪና ነው የምንነዳው። ወጪ ለመቀነስ ብለን ላይቢሊቲ ብቻ እንይዛለን። ላይቢሊቲ ሌላውን ሰው ይክሳል እንጂ የምትነዱትን መኪና አይጠግንም። ስለዚህ የተከራያችሁት መኪና ቢጋጭ በዚያ በኩል ምንም የላችሁም። ኡበር ወይም ታክሲ የሚሠራ ወንድም ደግሞ ኢንሹራንሱ የንግድ ከሆነ ለግል ሽርሽር የተከራየውን መኪና ይሸፍናል ብሎ እንዳይገምት። ይጠይቅ።

ሁለተኛው መከላከያ ክሬዲት ካርድ ነው። ብዙ ካርዶች ይህንን ሽፋን በነጻ ይሰጣሉ። ሦስት ነገር ግን ይፈልጋሉ። የኪራዩ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ በዚያ ካርድ መከፈል አለበት። ዋናው ተከራይ የካርዱ ባለቤት መሆን አለበት። የድርጅቱን ሽፋን ደግሞ አልፈልግም ማለት አለባችሁ፤ እሱን ከገዛችሁ የካርዱ ቀረ። አብዛኞቹ ካርዶች የሚከፍሉት የራሳችሁ ኢንሹራንስ ከከፈለ በኋላ የቀረውን ነው። እንደ ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ ያሉት ግን ቀድመው ይከፍላሉ፤ የራሳችሁ ኢንሹራንስ አይነካም፣ ዋጋውም አይጨምርባችሁም። በተደጋጋሚ የሚከራይ ሰው ይህን ልዩነት ቢያይ ጥሩ ነው።

ካርዱ የማይሸፍነውንም እወቁ። አንደኛ፣ ሌላ ሰው ብትጎዱ ካርዱ አይከፍልም። ያ የላይቢሊቲ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ትልልቅ ቫን አይሸፍንም። ከ8 ወይም ከ9 ሰው በላይ የሚጭነውን ብዙ ካርዶች አውጥተውታል። በኳሱ ሳምንት አሥራ ሁለት ሆነን አንድ ቫን የመያዝ ልማድ አለን። ለብዙ ሰው ርካሽ ነው፤ ግን ካርዱ እንደማይደርስ አውቃችሁ ያዙት። ሦስተኛ፣ ቱሮን የመሰሉ፣ ከግለሰብ ላይ የምትከራዩባቸው ቦታዎች በአብዛኞቹ ካርዶች አይሸፈኑም። ከአሜሪካ ውጭ ስትሄዱም የአገር ዝርዝሩን እዩ። እስራኤል ላለ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ በአንዳንድ የቪዛ ካርዶች እስራኤል ከሽፋኑ ውጭ ናት።

እንግዲህ ወስኑ። ሙሉ ሽፋንና ጥሩ ካርድ ያለው ሰው 145 ዶላሩን በኪሱ ያቆይ። ላይቢሊቲ ብቻ ይዞ በዴቢት ካርድ የሚከራይ ሰው ግን ይግዛው። የራሱ መኪና ጭራሽ የሌለው ደግሞ የላይቢሊቲውንም ይጨምር። ይህን የምለው ከልቤ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። በ145 ዶላር ስስት የ28,000 ዶላር መኪና ዕዳ መሸከም ማዳን አይባልም።

ዴቢት ካርድን ካነሳሁ፣ ብዙ ቅርንጫፎች በዴቢት ለሚከራይ ከኪራዩ ሌላ ጥቂት መቶ ዶላር ይይዛሉ። አንዳንዶቹ የመመለሻ ትኬት ያሳዩ ይላሉ። የተያዘው ገንዘብ መኪናውን ከመለሳችሁ በኋላም ለቀናት ላይለቀቅ ይችላል። ለሽርሽር ያዘጋጃችሁት ብር ባንክ ውስጥ ታስሮ እንዳይቀር አስቡበት።

65 ዶላሩ የሁለተኛ ሹፌር ነበር። በቀን 13። ጓደኛዬም እንዲነዳ ነበር ያስመዘገብኩት። ይህን ማዳን ይቻል ነበር። በኮስትኮ ትራቭል በኩል ሲያዝ ተጨማሪ ሹፌር በነጻ ነው። ብዙ ድርጅቶች ባል ወይም ሚስትን አያስከፍሉም፤ ካሊፎርኒያ ውስጥማ ሕጉ ራሱ ለትዳር ጓደኛ ማስከፈልን ይከለክላል። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ ልጆቻችን ደግሞ በየቀኑ ሌላ ጭማሪ አለባቸው። አንዳንዴ ከመኪናው ኪራይ ጋር ይቀራረባል። ኸርትዝ የትሪፕል ኤ (የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር) አባል ለሆኑ ከ20 እስከ 24 ዓመት ላሉ ይህንን ያነሳል። የአባልነቱ ክፍያ በሁለት ሦስት ቀን ይመለሳል።

ማስመዝገቡን ግን ለማዳን ብላችሁ አትተዉት። እኛ ቁልፍ መከልከል አናውቅበትም። ከኮንሰርት ስንወጣ «አንተ ደክሞሃል፣ አምጣ እኔ ልንዳ» ይላል አንዱ። በፍቅር ነው የሚለው። ውሉ ላይ ስሙ ከሌለ ግን የድርጅቱም የካርዱም ሽፋን ይፈርሳል። የቀመሰ ሰው ከነዳማ ጨርሶ አይነሣ። ማን እንደሚነዳ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ፤ ማታ ለሚጠጡት ኡበር ይጠራላቸው።

ቤንዚን 49 ዶላር ወሰደብኝ። በረራ እንዳያመልጠን ተጣድፈን ግማሽ ታንክ መለስን። ሲሞሉት በጋሎን ያስከፈሉን ማደያው ከሚሸጥበት እጥፍ በላይ ነበር። «ሙሉ ታንክ አሁን ይግዙና ባዶ ይመልሱት» የሚሉት ደግሞ የሚያዋጣው ታንኩን ጠብ እስኪል ለጨረሰ ሰው ብቻ ነው። የቀረ ካለ ለእነሱ ነው። ሞልቶ መመለስ፣ ደረሰኙንም መያዝ ይሻላል። ለዚያ ደግሞ ከበረራው በፊት ሃያ ደቂቃ ጨምሩ።

የሆቴል ፓርኪንግ ደረሰኜ ላይ አልነበረም፤ ግን ከኪሴ ወጥቷል። ዳውንታውን ያሉ ሆቴሎች ለአንድ ሌሊት 40 እና 50 ዶላር ይጠይቃሉ። ሆቴሉ ስታዲየሙ አጠገብ ከሆነና ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ መኪና ጭራሽ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። አስሉት።

መኪናውን ስትረከቡ ስልካችሁን አውጡና ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ። ጎማውን፣ መስተዋቱን፣ ጣሪያውን፣ የቤንዚኑን መጠን። ስትመልሱም እንዲሁ። ይህ ዱሮም ጥሩ ልማድ ነበር፤ አሁን ግን የግድ ሆኗል። ከ2025 ጀምሮ ኸርትዝ አትላንታን ጨምሮ በአንዳንድ ኤርፖርቶች መኪናው ሲወጣና ሲገባ በካሜራ የሚመረምር ማሽን አስገብቷል። ዓይን የማያየውን ትንሽ ጭረት ማሽኑ ያያል። በእጃችሁ ቪዲዮ ካለ ክርክሩ ይቀላል።

አንድ ቀን ልትጨምሩ ካሰባችሁ ደግሞ በስልክ ተነጋግሮ መተው አይበቃም። በኢሜይል ወይም በአፑ ማረጋገጫ ያዙ። ኸርትዝ መኪናችንን ሰርቀሃል ተብለው በስህተት ለተከሰሱና ለታሰሩ ደንበኞቹ በዲሴምበር 2022 ወደ 168 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከ360 በላይ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ኪራዩን አራዝመናል ብለው ያሰቡ ነበሩ። ለእኛ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመን ነገሩ በቀላሉ ሊከፋ ለሚችል ሰዎች፣ ያቺ አንዲት ኢሜይል ከገንዘብም በላይ ናት።

የመጨረሻዋ 61 ዶላር የቶል፣ ማለትም የመንገድ ማለፊያ ክፍያ፣ ናት። ከሁሉም በላይ ያናደደችኝም እሷ ናት። መንገዱ ራሱ 11 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር። ቀሪው ወደ 50 ዶላር የኪራይ ድርጅቱ የአገልግሎት ክፍያ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቶል ብታልፉም አንዳንድ ድርጅቶች ክፍያውን መኪናው እናንተ ጋ ባለበት በእያንዳንዱ ቀን ያስቡታል።

ዴንቨር ጥሩ ምሳሌ ናት። ከኤርፖርቱ ስትወጡ ጂፒኤሱ ወደ ቶል መንገዱ ኢ-470 ሊመራችሁ ይችላል። ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፤ ካሜራው ታርጋውን ያነሳል፣ ሒሳቡም በኪራይ ቤቱ በኩል ይመጣል። ወገኖቻችን በብዛት ወደሚኖሩበት ወደ አውሮራ ግን በፔንያ ቡሌቫርድ አድርጎ በሀይዌይ 225 መድረስ ይቻላል፤ ያለ ቶል። ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ቶል ያለበትን መንገድ ዝለል የሚለውን ምረጡ። ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ኤርፖርት ላይ ደግሞ ለጎብኚዎች የሚሰጥ የቶል ማለፊያ አለ፤ ማለፊያው ነጻ ነው፣ የመንገዱን ግን ትከፍላላችሁ። መስተዋቱ ላይ ሰቅላችሁ ስትመለሱ ታስረክባላችሁ።

ኢዚፓስ (የቶል መክፈያ መሣሪያ) ያላችሁ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰዎች ደግሞ ከቤት ይዛችሁ ውጡ። በሚሠራባቸው ስቴቶች የኪራዩን መኪና ታርጋ አካውንታችሁ ላይ አስገቡና የምትከፍሉት የመንገዱን ብቻ ይሆናል። ስታስገቡ ቀኑንና ሰዓቱን በትክክል ጻፉ። መኪናውን እንደመለሳችሁ፣ ገና የአውሮፕላኑን በር ስትጠብቁ፣ ታርጋውን ከአካውንታችሁ አውጡት። አለበለዚያ ከእናንተ ቀጥሎ ያንን መኪና የሚወስደው ሰው ቶል የሚያልፈው በእናንተ ሒሳብ ነው።